ሩጫ ላይ ባት ሲሸማቀቅ

የባሕር ዳርን ማለዳ የሚያውቅ ሰው የምንለው ይገባዋል። ገና ጎሕ ሲቀድ ከጣና ዳር ተነሥቶ፣ ዘንባባ በተሰለፈበት ጎዳና እስከ አባይ ድልድይ የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው። ወጣቱ ለብቻው፣ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን፣ ጡረተኛው በሶምሶማ። ከመካከላቸው አንዱ በድንገት ቆሞ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ ባቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ማየትም የተለመደ ነው። ያን ጊዜ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ውኃ አልጠጣህም» ይለዋል፤ ሌላው «ጨው አንሶህ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ሙዝ ብላ»፤ አራተኛው ደግሞ «ብርድ ገብቶብህ ነው፣ ወጌሻ ይሽህ»። ሁሉም የሚናገሩት በቅን ልብ ነው። ነገር ግን ከአራቱ ምክሮች ዋናውን ምክንያት የነካ የለም፤ አንዳንዱማ ያለ ቦታው ከተሠራበት ይጎዳል።

ዋናው ምክንያት ድካም ነው። የሰውየው ሳይሆን የባቱ ድካም።

ባት የምንለው አንድ ጡንቻ አይደለም። ከላይ ጎልቶ የሚታየው ከጉልበት በላይ ተነሥቶ የሚወርድ ሲሆን፣ ከሥሩ ሌላ ጠፍጣፋና ሰፊ ጡንቻ አለ። ሁለቱም በአንድ ወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ ይታሰራሉ። ስንሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ ሰውነታችንን ከመሬት ገፍቶ የሚያስፈነጥረው በአብዛኛው የእነዚህ ኃይል ነው። 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው አንዱ ባቱ ብቻ ከ4 ሺህ ጊዜ በላይ ይኮማተራል፤ ከ4 ሺህ ጊዜ በላይም መላላት አለበት። ለዚህ ሥራ ሁለት ዓይነት መልእክተኞች አሉ። በጡንቻው ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች «ተኮማተር» የሚለውን ትእዛዝ ያበረታሉ፤ በጅማቱ ላይ ያሉት ደግሞ «ይበቃል፣ ላላ» ይላሉ። ጡንቻው ከልማዱ በላይ ሲደክም የመጀመሪያው ድምፅ ይጎላል፣ የሁለተኛው ይደክማል። በዚያን ጊዜ ባት እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይቀራል።

ይህን አሳብ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በሰፊው ያቀረቡት ማርቲን ሽዌልነስ የተባሉ የደቡብ አፍሪካ የስፖርት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ በረጅም ርቀት ተወዳዳሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ጡንቻቸው የተሸማቀቀባቸውና ያልተሸማቀቀባቸው ሰዎች በደማቸው ውስጥ ባለው ጨውም ሆነ ባጡት የውኃ መጠን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘባቸውም። ልዩነቱ የተገኘው በሌላ ነገር ነው። የተሸማቀቀባቸው ከዐቅማቸው በላይ ፈጥነው የሮጡና ከዚህ ቀደምም ያጋጠማቸው ናቸው።

ታዲያ የጨውና የውኃ ወሬ ከየት መጣ? ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በጋለ የማዕድን ጉድጓድና በመርከብ ምድጃ ክፍል ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በላብ ተጠምቀው ንጹሕ ውኃ ብቻ ሲጠጡ፣ እግራቸውና ሆዳቸው ይሸማቀቅ ነበር፤ ጨው ሲጨመርላቸውም ይሻላቸው ነበር። ዛሬም በብርቱ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ሠርቶ ወይም ሮጦ ሁለቱም እግሩ፣ ሆዱና እጁ ጭምር የሚሸማቀቅበት ሰው ይህ ሊሆን ስለሚችል ጥላ ውስጥ ማረፍና ጨው ያለበት ፈሳሽ መውሰድ አለበት። በጠዋት ቀዝቃዛ አየር ለ40 ደቂቃ ሮጦ አንድ ባቱን ብቻ የያዘው ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጨው ቢያጣ ኖሮ ደሙ ወደ ሁሉም ጡንቻ ይሄዳልና አንዱ ባት ብቻ ለምን ይመረጣል?

የባሕር ዳር ሜዳና የሰው ፍጥነት

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ ለሥራ ወይም ለእረፍት የመጣ ሯጭ እዚህ አየሩ ይለግሰዋል፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ የሐይቁ ነፋስ ደስ ይላል፤ ሳያስበው ይፈጥናል። ሳንባው ፈቀደለት ማለት ግን ባቱ ፈቀደለት ማለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ የባሕር ዳር ሰው ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ወደሚካሄደው ወደ ታላቁ ሩጫ ሲሄድ 10 ኪሎ ሜትሩን በሜዳ ስለለመደው የሚበቃው ይመስለዋል። ዳገት ላይ ቁርጭምጭሚት ይበልጥ ይታጠፋል፣ ባትም እጅግ አብዝቶ ይሠራል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ቀስ ብሎ የወጣ ሰው በውድድሩ ቀን ከሌላው ይሻላል።

ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ሙቀትም ድካሙን ያፋጥነዋል። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ሳትወጣ መጀመር፣ ከተቻለም ጥላ ያለበትን ጎዳና መምረጥ፣ ፍጥነትንም መቀነስ ይገባል። ጾም ጸሎት ይዘው ውኃም ሳይቀምሱ የሚውሉ ወገኖች በዚያን ዕለት ሩጫውን በእግር ጉዞ ቢተኩት መልካም ነው።

ስለ ፍጥነት ካነሣን ዘንድ ለባለትዳሮች አንድ ነገር እንበል። አብሮ መሮጥ ለትዳር የሚሰጠውን ጥቅም እኛም እንመሰክራለን። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የምናየው አንዱ ጎታች ሌላው ተጎታች ሆኖ ነው። ባል ዓመታት ሮጧል፤ ሚስት ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው። እርሱ «ነይ እንጂ፣ ትችያለሽ» ይላታል፤ እርሷም ላለማሳፈር ትከተላለች። ለእርሱ ቀላል ሶምሶማ የሆነው ፍጥነት ለእርሷ ውድድር ነው፤ ባቷን ሲይዛት «ውኃ አልጠጣሽም» ብሎ ይቆጣል! (ሚስት ፈጣን፣ ባል ጎታታ የሆነበትም ቤት አለ፤ እርሱ ደግሞ አልደከመኝም ብሎ ስለሚዋሽ ይብስበታል።) ደንቡ ቀላል ነው። አብረው በሚሮጡበት ቀን ፍጥነቱን የሚወስነው ዘገምተኛው ነው። መለኪያውም ወሬ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መነጋገር ካቃታቸው ፈጥነዋል። ፈጣኑ ጉልበቱን ማፍሰስ ካማረው ሌላ ቀን ለብቻው ይሂድ።

ባት የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ርቀትንም ፍጥነትንም በአንድ ሳምንት አንድ ላይ አለመጨመር ጥሩ ልማድ ነው። ባትን ለማጠንከር ደግሞ ደረጃ ይበቃል። በጣቶችዎ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመው፣ ግድግዳ ይዘው፣ ተረከዝዎን ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሡ፤ ቀስ ብለውም ከደረጃው በታች ያውርዱት። 12 ጊዜ፣ አርፈው ደግሞ 12 ጊዜ። ጉልበት ቀጥ ብሎ ሲሠራ የላይኛው ጡንቻ፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ሲሠራ የሥረኛው ይጠነክራል፤ ሁለቱንም ይሥሩ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከተደረገ ባት ለድካም የሚሰጠውን እጅ ያዘገየዋል።

ጫማም ይታሰብበት። ሳምንቱን ሙሉ ተረከዙ ከፍ ባለ ጫማ የምትውል እኅት ባቷ አጥሮ መሥራትን ይለምዳል። ቅዳሜ ጠዋት ጠፍጣፋ ሸራ ጫማ አድርጋ ብዙ ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ያው ጡንቻ ሳይዘጋጅ ይወጠራል። አዲስ ጫማ፣ በተለይ ከቀድሞው ተረከዙ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ በአጭር ርቀት መለመድ አለበት።

በያዘዎ ጊዜ

ይቁሙ። ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው የእግርዎን ጣቶች ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ፤ ወይም ግድግዳ ገፍተው ተረከዝዎን መሬት ላይ ያስረግጡ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይዘው ያቆዩ፤ ይላላል፤ ካልላላ ይድገሙት። ይህ የሚሠራው በጅማቱ ላይ ያለውን «ላላ» ባዩን መልእክተኛ ስለሚቀሰቅሰው ነው። ወዲያው ተነሥተው ወደ ቀድሞው ፍጥነት አይመለሱ፤ በእግርዎ እየተራመዱ ቤትዎ ይግቡ።

በውኃ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። ከሩጫ በኋላ በላባቸው ጣና ውስጥ የሚዘሉ ወጣቶች ይህን ያስቡ። ዋናተኛ ጣቱን አሹሎ ስለሚገፋ የደከመ ባት በቀላሉ ይሸማቀቃል፤ ጥልቅ ውኃ ላይ ደግሞ የሚደገፉበት ግድግዳ የለም።

ሙዝ ጥሩ ምግብ ነው፤ ከሩጫ በኋላ ይብሉት። ነገር ግን ሙዙ ተፈጭቶ፣ ያለው ፖታሲየም ደም ውስጥ እስኪገባ ድረስ ባትዎ ከላላ ቆይቷል። በዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ኪያር የተዘፈዘፈበትን ጨዋማ ኮምጣጤ ትንሽ የጠጡ ሰዎች ጡንቻቸው በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ ላላ፤ ውኃ ከጠጡት ይልቅ በጣም ፈጠነ። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጨው ደም ውስጥ ሊገባ አይችልም። አጥኚዎቹ ያሰቡት የኮምጣጤው ኃይለኛ ጣዕም በጉሮሮ በኩል ነርቭን ነክቶ ጡንቻውን እንዳላላው ነው።

ውኃን በተመለከተ ሲጠማዎ ይጠጡ። «ባቴን እንዳይዘኝ» ብሎ ያለ ጥማት ሊትር በሊትር መጠጣት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች መካከል 13 ከመቶው የደማቸው ሶዲየም ከልክ በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያትም ብዙ መጠጣት ነበር። በዚያው ውድድር አንዲት ሯጭ በዚሁ ሕይወቷ አልፏል። ራስ ምታት፣ ማስታወክና መደናገር ካለ ውኃ መጨመር ሳይሆን ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ደም ብዛት ያለባቸው ደግሞ በጎረቤት ምክር ጨው መላስ አይገባቸውም።

ወጌሻ የማይነካው ባት

ቀላል መታሸት የጠጠረን ባት ያሳርፋል፤ በቤት ውስጥ ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባሏ ብትሠራው ማን ይከለክላል። ነገር ግን መሸማቀቅ በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል፤ ቢበዛ ለአንድ ሁለት ቀን ቁስለት ይተዋል። ከዚህ የተለየውን እንለይ። በሩጫ መሃል ከኋላ በድንጋይ የተመቱ ያህል ተሰምቶዎት፣ ባትዎ ከጠቆረና መርገጥ ካቃተዎ ጡንቻው ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ቢታሽ ደሙ ይበዛል። አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከጋለ፣ ከቀላ፣ ሕመሙም ውሎ ካደረ፣ በተለይ ከረጅም የአውቶቡስ ጉዞ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከወሊድ በኋላ ከሆነ፣ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ይህን ባት ማሸት የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላልና ወጌሻ ዘንድ ሳይሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ከከባድ ሩጫ በኋላ ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረም እንዲሁ።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን አሸንፎ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሮቹን ሲያፍታታ ዓለም ተገርሞ አይቶታል። ያው ጀግና ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ እግሩ ተጎድቶ ነበርና ውድድሩን አቋርጦ ወጣ፤ ማሞ ወልዴም ወርቁን ወሰደ። አበበ ካቆመ፣ እኛ ጣና ዳር ብናቆም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሌሊት በእንቅልፍ ልብ ባት የሚይዛቸው ሰዎችም አሉ፤ ነፍሰ ጡር እናቶችና በዕድሜ የገፉ ይበዛባቸዋል። ያን ጊዜም የሚረዳው ያው መሳብ ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ጎንበስ ማለት ስለሚያቅታት ባል ተነሥቶ ጣቶቿን ወደ ቅልጥሟ ይሳብላት። ከመኝታ በፊት ባትን ግድግዳ ተደግፎ ማሳሳብም ይጠቅማል። የደም ብዛት የሽንት መድኃኒትና የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሕመሙ ከተደጋገመባቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ እንጂ መድኃኒቱን በራሳቸው አያቁሙ። የማግኒዚየም እንክብል በዕድሜ ለገፉት እምብዛም እንደማይጠቅም ተረጋግጧል። ጣና ዙሪያ የወባ አገር ስለሆነ ኩይናይን በየቤቱ የሚታወቅ መድኃኒት ነው፤ ለባት ሕመምም ይረዳል የሚል የቆየ ወሬ አለ። ለጊዜው ሕመሙን ሊቀንስ ቢችልም የደምን መርጋት ስለሚያዛባና የልብን ምት ስለሚያናጋ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ ጉዳይ እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። ከወባ የተረፈ ኩይናይን ቤትዎ ካለ ለባት ብለው አይዋጡት።