አራተኛዋን ክር አትቀይሯት!

ጊታር የለመደ ሰው ዩኩሌሌ ሲይዝ ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው የላይኛዋን ክር አውጥቶ ወፍራም ለማስገባት ነው። እኔ ግን ጀማሪ ይህን ባያደርግ እላለሁ። ለምን?

የጊታር ድምፅ ከላይ ወደ ታች ከወፍራም ወደ ቀጭን በተርታ ይሄዳል። ዩኩሌሌ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብሎ ሲቃኝ ግን ከላይ ያለችው አራተኛዋ ክር፣ ሶል፣ ከዶም ከሚም ትቀጥናለች። ይሄ ስህተት አይደለም። በ1879 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት ሃዋይ የገቡ ስደተኞች ካመጡት ሙያ የተወረሰ ቅኝት ነው።

ጥቅሙስ? ኮርድ ሲመታ እጃችን ቢወርድም ቢወጣም የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በቀጭን ድምፅ ነው። የዩኩሌሌ ፈገግታ እዚህ ላይ ነው። በዜማ ደግሞ ተከታታይ ድምፆችን በተለያዩ ክሮች ብንጫወት አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይደርብበታል፤ እንደ ደወል። ዘዴው ካምፓኔላ ይባላል። አሜሪካዊው ጆን ኪንግ የባህን ሥራዎች ሳይቀር ተጫውቶበታል።

እስቲ ሞክሩት፦ ዶ ሦስተኛዋ ባዶ፣ ሬ እዚያው 2ኛ ፍሬት፣ ሚ ሁለተኛዋ ባዶ፣ ፋ እዚያው 1ኛ ፍሬት፣ ሶል አራተኛዋ ባዶ፣ ላ አንደኛዋ ባዶ፣ ሲ አራተኛዋ 4ኛ ፍሬት፣ ዶ አንደኛዋ 3ኛ ፍሬት። ጣታችሁን ቶሎ አታንሱ፤ ድምፁ ይቆይ።

እርግጥ ወፍራሟ ሶል ከዶ በታች ለሚወርድ ዜማ ታስፈልጋለች፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቀጭኗን ሳያውቁ መቀየር ዩኩሌሌን ትንሽ ጊታር ማድረግ ነው። ጊታር ካማረን ጊታር አለ አይደል? መጀመሪያ ያለችውን እንጠቀምባት፤ መቀየሩ ኋላም ይደርሳል።