ውሃው አያቆምም፣ ገንዘቡም መቆም የለበትም

በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት ከ5,500 ማይል በላይ ርዝመት ያላቸው ወንዞችና ጅረቶች፣ ከተተዉ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች በሚወጣ ውሃ ተበክለዋል። ብዙ ቦታ ላይ የወንዙ ወለል ብርቱካናማ ሆኗል፤ ዓሣም የለበትም። ጉድጓዶቹን ከቆፈሩት ኩባንያዎች አብዛኞቹ ከስረው ወይም ፈርሰው ከጠፉ ቆይተዋል። ውሃው ግን ዛሬም ይፈሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከሰሉ ጋር ፒራይት የሚባል፣ ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን ይገኛል። ይህ ማዕድን ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጠራል፣ ብረቱም ይሟሟል። ለማጽዳት ኖራ ይጨመራል፣ ውሃው በኩሬ ይጠላል፣ ዝቃጩም ይወጣል። ችግሩ ይህ ሥራ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ አለመሆኑ ነው። ማጣሪያው ከቆመ ብክለቱ ተመልሶ ይመጣል።

ታዲያ ማን ይክፈል? የበከለ ይክፈል የሚለው መርህ ትክክል ነው። በ2017 በእስራኤል የአንድ ፋብሪካ የአሲድ ገንዳ ግድግዳ ተደርምሶ የአሻሊምን ሸለቆ ሲያጥለቀልቅ፣ ፋብሪካው የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ካሳ የሚጠየቅ አካል ነበር። በፔንሲልቫኒያ ግን በአብዛኛው የሚንኳኳ በር የለም።

ኮንግረስ በ1977 ባወጣው ሕግ፣ በሥራ ላይ ያሉ የከሰል ኩባንያዎች ባወጡት ቶን ልክ ለጽዳቱ እንዲከፍሉ አድርጓል። ክፍያው ካልታደሰ በ2034 ያበቃል። የአገሪቱ የከሰል ምርትም ከ2008 ወዲህ ከግማሽ በታች ወርዷል። በ2021 መንግሥት በ15 ዓመት የሚከፈል 11.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጨመረ። በ2022 መጨረሻ የጸደቀ ሕግ ደግሞ ክፍለ ግዛቶች ከዚህ ድርሻቸው እስከ 30 በመቶ ድረስ ወለድ በሚያስገኝ ፈንድ አስቀምጠው ለውሃ ማጣሪያ እንዲያውሉት ፈቀደ።

ይህ ፈቃድ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ መዋል አለበት። የሚቃወሙ ሰዎች ክፍት ጉድጓዶች፣ የሚደረመስ መሬትና ከምድር በታች የሚነድ ከሰል ዛሬውኑ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ለእነሱ ይዋል ይላሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። ግን ቀሪው 70 በመቶ ለዚሁ አለ፤ ጉድጓድ አንዴ በሚገባ ከተደፈነ ተደፈነ ነው። የውሃ ማጣሪያ ግን የሠራተኛ፣ የኖራና የመብራት ወጪ በየዓመቱ አለው። ዛሬ በስጦታ ገንዘብ ማጣሪያ ሠርቶ ለነገ ማንቀሳቀሻ አለማስቀመጥ፣ ዕዳውን ለልጆች ማሻገር ነው። ኮንግረስም 2034ን ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም።

ትምህርቱ ለአሜሪካ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያም ከውጭ የምታስገባውን የድንጋይ ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት እየሠራች ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የማጽጃው ገንዘብ በዋስትና መያዝ ያለበት ቁፋሮው ሳይጀመር፣ ኩባንያው በእጅ እያለ ነው። ከሰሉ አልቆ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ሂሳቡን የሚከፍለው ከወንዙ የሚጠጣው ሰው ነው።