የማለዳው ማኅበርና የወንድም ያለህ ጥሪ

በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ የተጀመረው «ኤፍ ስሪ» ወንዶችን ጎሕ ሳይቀድ በነጻ ለስፖርት ይሰበስባል፤ ፍጻሜውም ክብ ሠርቶ መበረታታት ነው። ሊሞላ የተነሣው ክፍተት የወንዶች ብቸኝነት ነው።

ክፍተቱ በእኛም ዘንድ አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት በተመላለሰባቸው ጎብዬን በመሳሰሉ የራያ ቆቦ ከተሞች፣ ሐዘኑን በሆዱ ይዞ የሚያድር አባወራ ጥቂት አይደለም።

መድኃኒቱን ግን ከሩቅ አንበደርም። ማለዳ ኪዳን አለን፤ ሥጋንና ነፍስን በአንድነት የሚያተጋ ስግደት አለን፤ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አለን። ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋን ልምምድ ጥቅም ሳይክድ እግዚአብሔርን መምሰልን አስቀድሟል (1ኛ ጢሞ. 4፥8)። ሥርዓቱ ሙሉ ነው፤ የጎደለን ከጸበል ጸዲቁ በኋላ «ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በትዕግሥት መስማት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።