የታደለ አጎበር ሳይሆን የታመመ ሰው ቁጠሩልን!



ስለ ወባ በጻፍኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ዶክተር፣ ይህ ሁሉ የውጭ ብር መጥቶ ምን ፈየደ?» ዛሬ ሳላድበሰብስ ልመልስ።

መጀመሪያ እውነቱን እንናገር። ገንዘቡ ሠርቷል። ግሎባል ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የአሜሪካው ፔፕፋር በ2003 ተጀመሩ። ከዚያ በፊት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ገንዘብ ያለው ብቻ የሚያገኘው ነበር። በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ዛሬ ክኒኑን እየዋጠች ልጆቿን የምታሳድግ እናት «እርዳታ ከንቱ ነው» ለሚል ሰው በቂ መልስ ናት።

ነገር ግን የለጋሾች ሪፖርትም አያሳምነኝም። «ይህን ያህል አጎበር ታደለ፣ ይህን ያህል ባለሙያ ሠለጠነ» ይላል። ይህ የወጪ ዝርዝር እንጂ ውጤት አይደለም። እኔ ታካሚዬን «ስንት ክኒን ወሰድክ?» ብዬ ብቻ አልሸኘውም። «ትኩሳቱ ለቀቀህ ወይ?» እለዋለሁ።

ወባን ተመልከቱ። በ2019 በኢትዮጵያ የተመዘገበው ከአንድ ሚሊዮን በታች ነበር። በ2024 ግን ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ፣ 1,157 ሰው ሞተ። (ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን?

👉 ጦርነት ጤና ጣቢያዎችን አወደመ፣ ሕዝብ አፈናቀለ።
👉 ትንኞች የምንረጨውን ኬሚካል እየተላመዱ ነው።
👉 በ2016 በአገራችን የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ በከተማ፣ በበርሜልና በገንዳ ውኃ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋን ያመሰችው እሷ ናት።
👉 አንዳንድ የወባ ተሕዋስያን ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን አያመርቱም። ታማሚው «ወባ የለብህም» ተብሎ ይመለሳል።

ከእነዚህ አንዱን እንኳ የአጎበር ቆጠራ አያሳያችሁም።

«ኦዲት ለማድረግ የሚመቸው አጎበር ነው» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ ይመቻል። ግን የሚመቸውን እየለካን የሚገድለውን ካለፍነው ኦዲቱ የማን ነው?

ሌላም አለ። በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ ድጋፏን ስታቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በአንድ ደብዳቤ! ይህንን የለጋሽ ጥፋት ብቻ አድርጌ አላየውም። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር። አብዛኞቹ እስካሁን ቃላቸውን አልጠበቁም።

ስለዚህ «ፕሮጀክቱ ተሳካ» ሲባል ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1️⃣ የታመመውና የሞተው ሰው ቀነሰ ወይ?
2️⃣ መሣሪያው ዛሬም ይሠራል ወይ? ማን ፈተሸው?
3️⃣ ገንዘቡ ነገ ቢቆም ደመወዙን ማን ይከፍላል?

ለሦስቱም መልስ የሌለው ፕሮጀክት፣ ባነሩ ቢያምርም፣ አልተሳካም።

እስከዚያው የእናንተን ድርሻ አትርሱ፦ የውኃ በርሜላችሁን ክደኑ፣ አጎበር ውስጥ ተኙ። ትኩሳት ካለ ሳትዘገዩ ተመርመሩ። ውጤቱ «ነፃ» ሆኖ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሳችሁ በማይክሮስኮፕ እንዲታይላችሁ ጠይቁ።

ለሌሎችም እንዲደርስ ሼር አድርጉ። ጤናችሁ ይብዛ!