መምህር ወይስ ክራር ይቅደም?
ልጁን ክራር ለማስተማር የሚሻ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ወይም የሰመራ አባት አስቀድሞ መሣሪያውን ይገዛል፤ በእኔ አስተያየት ግን ሊቀድም የሚገባው መምህሩ ነው፤ በቆላው ሐሩር የደረቀ እንጨትና የላላ ጅማት፣ ቃኝቶ የሚያስማማው ሊቅ ካልተገኘለት፣ የብላቴናውን ጆሮ ገና ከጥንቱ ያበላሻልና።

አበው ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ የዜማ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጥ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በ1916 ዓ.ም. አርባ የአርመን ልጆችን ለሙዚቃ ጓድ ከኢየሩሳሌም ሲያስመጡ፣ ኬቮርክ ናልባንዲያንን መምህር አድርገው ሾመውላቸዋል።

ዛሬ እንዲህ ያለውን መምህር የሚያስመርቀው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው በአዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ እስከ አዋሽ ከ200፣ እስከ ሰመራም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ መምህር በየሳምንቱ ይመላለስ ማለት ከንቱ ምኞት ነው። ነገር ግን ሦስት አራት ቤተሰቦች ተባብረው፣ ማደሪያና ተገቢውን ደመወዝ አዘጋጅተው፣ ሐሩሩ በሚበርድበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት አንድ ምሩቅ ቢጋብዙ፣ የቀረውንም ጊዜ በስልክ ቢከታተላቸው፣ ነገሩ ከቶ የማይቻል አይደለም።

መምህሩ ሲመረጥ የምስክር ወረቀቱን ከማየት ይልቅ ከልጁ ጋር አስቀምጦ ማድመጥ ይሻላል። ትምህርቱን፣ አፋሮች ሰኞ ሰኞ ለገበያ በሚወጡባት ከተማ ስም በሚጠራው በባቲ ቅኝት ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ ልጁ ከእናቱ የሰማውን የአፋርኛ ዜማ በክራሩ ላይ እንዲፈልግ የማይፈቅድለትን መምህር ግን፣ በነጻ ላስተምር ቢል እንኳ አልቀበለውም።