ክንፍ የተረፈ ሰው ማስቀመጫ ነው እንዴ?

እናንተዬ! እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ከአዳማ ከተማ፣ ከሻሸመኔ ከተማ፣ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ከወንጂ ስኳርና ከመተሐራ ስኳር የፕሪሚየር ሊግ ዘመን፣ የምታስታውሱትን አንድ የክንፍ ተጫዋች ስም ጥሩ። አጥቂ አላልንም፤ ክንፍ! ... አያችሁ፣ ጸጥ አላችሁ። ግብ ያገባማ አይረሳም። የአዳማ ከተማው ዳዋ ሆቴሳ ጥር 2014 ዓ.ም ያውንዴ ላይ በ4ኛው ደቂቃ የካሜሩንን መረብ ሲያገኝ ያልጮኸ የናዝሬት ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። (ከዚያ በኋላ 4 ለ 1 መሸነፋችንን ዛሬ አናነሳም።)

የክንፍ ተጫዋች ስም አልመጣ ያለን በመርሳት ብቻ አይመስለንም። ክንፍ እኛ ጋ እንደ ሙያ አይቆጠርም። አሰልጣኙ ሦስት አጥቂ ካለው ሁለቱን መሀል ያስገባና የተረፈውን «አንተ በመስመር ውጣ» ይለዋል። ቦታ ያጣ አማካይም እዚያው ይላካል። ፈጣን ልጅማ ምርጫም የለው፤ ሩጫው የታየ ዕለት ዕጣው ወጥቷል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? በዘመኑ ኳስ ሁሉም ሁሉንም ይጫወታል» የሚሉን አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ቪክተር ሞሰስን ይጠቅሳሉ።

ሞሰስ ለኛ እንግዳ አይደለም። ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ ጥር 2005 ዓ.ም ሩስተንበርግ ላይ፣ የሰውነት ቢሻው ቡድን ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ 0 ለ 0 ይዟት ነበር። ከዚያ ሞሰስ መጣ፤ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አስገኘ፣ ሁለቱንም ራሱ አስቆጠረ፣ አለቀ። ከዚያ በፊት ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ስትረታን አራተኛዋን ያገባው ጆናታን ፒትሮይፓም የክንፍ ሰው ነው፤ የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው እሱ ነው። ሁለቱ አገሮች ለዋንጫ ተገናኙ፣ ናይጄሪያ በላች፤ እኛ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጥተን ባገኘናት አንዲት ነጥብ ወደ ቤታችን ተመለስን። ከጎዱን ሰዎች መካከል ሁለት የክንፍ ሰዎች መኖራቸው አጋጣሚ አይመስለንም።

እና ይኸው ሞሰስ በ2016/17 ኮንቴ ቼልሲ ውስጥ የቀኝ ተመላላሽ አደረገውና ሊጉን በሉ። «አያችሁ፣ ቦታ ተቀይሮ ተሳካለት!» ይሉናል። ሳካም በ2019/20 ለአርሰናል የግራ ተከላካይ ሆኖ ተጫውቷል። ቫሌንሲያ ማንቸስተር ዩናይትድ ውስጥ ከክንፍ ወደ ቀኝ ተከላካይነት ወርዷል። ልብ በሉ ግን፤ አንዳቸውም ከመስመሩ አልራቁም። ወደ ፊት ሄዱ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ሳካ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ፤ ነጯ መስመር ግን ሁሌም ጎናቸው ነበረች። አንሪን የምትጠቅሱ ደግሞ፣ እሱን ቬንገር ከክንፍ ወደ መሀል ነው ያመጣው። እኛ ጋ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ መሀል ያልሆነለት ወደ ዳር ይጣላል።

(የእግር ኳስ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። 13 ለ 13 በሚጫወቱት ራግቢ ሊግም 2 እና 5 ቁጥር የሚለብሱት የክንፍ ሰዎች «ፈጣን ከሆነ ማንም ይሆናል» ይባልባቸዋል። ዛሬ ግን ተጋጣሚ እየዘለለባቸው ከላይ የሚወርድ ኳስ መያዝ፣ ማዕዘኑ ላይ አየር ላይ እንዳሉ ከመስመር ሳይወጡ ኳሱን መሬት ማስነካት ይጠበቅባቸዋል። በሩጫ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።)

ሙያው ምንድነው ታዲያ? መሀል ያደገ ልጅ በፈለገው አቅጣጫ መዞር ለምዷል። ክንፍ ላይ ግማሹ አቅጣጫ የለም፤ መስመሩ ራሱ ሁለተኛ ተከላካይ ነው፣ ያውም የማይሸወድ። መቼ ተለጥፎ መቆም፣ መቼ ወደ ውስጥ መቁረጥ፣ ከማሻማት በፊት ቀና ብሎ ማየት፣ ተመላላሹ ሲወጣ ቦታውን መሸፈን፤ ይሄ ሁሉ የዓመታት ልምምድ ነው። አዳማ ላይ ደግሞ ነፋስ አለላችሁ! በከተማዋ ዙሪያ 136 ተርባይን የተተከለው ለጌጥ አይደለም። ነፋስ ባለበት ቀን ከፍ አድርገህ ያሻማኸው ኳስ የት እንደሚያርፍ ነፋሱ ነው የሚወስነው። ሙያውን የያዘ ልጅ እስከ ጥግ ይገባና በመሬት ወደ ኋላ ይመልሳታል። ሯጩ ልጅ ግን ዘጠኝ ጊዜ ያሻማል፣ ዘጠኙም ከጎሉ ጀርባ ይወርዳሉ፣ ተመልካቹም «ፍጥነት አለው፣ ኳስ ግን የለውም» ብሎ ፋይሉን ይዘጋበታል። ማን አስተማረውና?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ይመስለናል። ፍራንኮ ሰፈርም ሆነ ወንጂ፣ ሻሸመኔም ሆነ ባቱ፣ ልጅ ኳስ የሚለምደው ሁለት ድንጋይ ጎል አድርጎ መንገድ ላይ ነው። እዚያ መስመር የለም። ዳሩ ወይ አጥር ነው ወይ ቦይ፤ ባጃጅ ሲመጣ ጨዋታው ይቆማል። ጠባብ ቦታ ላይ አንድ ሁለት መቀባበልን፣ ማታለልን ሰፈር በነጻ ያስተምራል፤ ለዚህም ነው መሀል ላይ የሚጣፍጥ ልጅ የማናጣው። 68 ሜትር ስፋት ያለውን ሜዳ መጠቀም ግን ሰፈር አያስተምርም፤ ክለብ ካላስተማረው የትም አይማረውም። ክለቡ ደግሞ ፈጣኑን ልጅ ተቀብሎ ዳር ላይ ያቆመውና ራሱ እንዲያውቅበት ይጠብቃል።

የአሰልጣኞቹንም ችግር እናውቃለን። አራት ጨዋታ ከተሸነፈ ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሰው ልጅ እያስተማረ አይቆይም፤ ሦስት ቦታ የሚሸፍን ተጫዋችም ለክለብ ካዝና ይረክሳል። እሺ፣ ዋናው ቡድን ይቅር። የ17 እና የ20 ዓመት በታቾቹን ግን ምን ያስቸኩላቸዋል? ልምምድ ሲያልቅ የመስመር ልጆቹን አስቀርቶ ከአንድ አጥቂና ከአንድ ረዳት አሰልጣኝ ጋር ግማሽ ሰዓት ማሻማት፣ ከተመላላሹ ጋር መግባባት። ወጪው አንድ ከረጢት ኳስ ነው። እና እባካችሁ፣ ግራኝ ልጅ ያገኛችሁ እንደሆነ መሀል አታስገቡብን!