ጤናና ቤተ ሰብ፤ ዒላማውን የሚያሳይ ትንሽ ምልክት

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን በሽታው ተገልጦ ከታወቀም በኋላ መድኃኒቱ ከስፍራው በትክክል ካልደረሰ በቂ ጥቅም አይሰጥም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፉትን ወንዶች ስለሚያጠቃው ስለ ፕሮስቴት ነቀርሳና ስለ ጨረር ሕክምናው ጥቂት ለመግለጽ አስበናል።

ፕሮስቴት ከወንድ ፊኛ ሥር፥ ከትልቁ አንጀት መጨረሻ ፊት ለፊት የሚገኝ፥ ጤነኛ ሲሆን ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ ዕጢ ነው። ፊኛ ሲሞላና ሲጎድል፥ አንጀትም አየር ወይም ሰገራ ሲይዝ፥ ዕጢው በጥቂት ሚሊሜትር ወዲህና ወዲያ ይላል። ጨረሩ ዒላማውን የሳተ እንደ ሆነ ጉዳቱ ሁለት ነው፤ ነቀርሳው ይተርፋል፥ ጤነኞቹ ፊኛና አንጀትም ይጎዳሉ።

ይህን ለመከላከል ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሦስት የወርቅ ቅንጣቶችን በመርፌ ዕጢው ውስጥ ይተክላሉ። የእያንዳንዱ ርዝመት ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ወርቅ በራጅ ሥዕል ጎልቶ ስለሚታይ፥ ዕጢው በዚያ ቀን የት እንዳለ ያመለክታል።

የዕጢው ድንበር ግን በሲቲ ስካን ደብዝዞ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ከልኩ ይልቅ ትልቅ መስሎ ይገመታል። ድንበሩን አጥርቶ የሚያሳየው በማግኔት ኀይል የሚሠራው ኤም አር አይ ነው። ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ ለዚህ መሣሪያ መሠረት በሆነው ሥራቸው በ2003 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሐኪሞቹም ሁለቱን ሥዕሎች በምልክቶቹ አማካይነት አንዱን በሌላው ላይ ያጋጥማሉ።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በራጅ የሚያበራው ወርቅ በኤም አር አይ እንደ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። በዕጢው ውስጥ የጠጠረ የካልሲየም ክምችትም ያንኑ ሊመስል ይችላል። አንዱ በሌላው ተሳስቶ ሥዕሎቹ ተዛንፈው ከተጋጠሙ፥ ስሕተቱ የአንድ ቀን ብቻ አይሆንም፤ ሕክምናው እስኪፈጸም በየቀኑ ይደገማል።

ስለዚህ በኤም አር አይ ጠቁሮ ሳይሆን በርቶ የሚታይ ማድመቂያ ምልክት ተፈለገ። በአሜሪካ፥ በሂውስተን ከተማ በሚገኘው የኤም ዲ አንደርሰን የነቀርሳ ሕክምና ማእከል ያሉ ተመራማሪዎች ከኮባልት ክሎራይድ ስለ ተሠራ ምልክት በ2008 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ይህ ኮባልት ጨረር የሚያመነጨው ዓይነት አይደለም። ምልክቱ የታሰበው በዕጢው ውስጥ ለሚተከሉት ጨረር ሰጪ ፍሬዎች ነው፤ እነርሱም በኤም አር አይ ጠቁረው ስለሚታዩ፥ በመካከላቸው የሚገባው ብሩህ ምልክት ስፍራቸውን ይጠቁማል።

አንባቢ «የጥቂት ሚሊሜትር ነገር ምን ያህል ቁም ነገር አለው?» ይል ይሆናል። በሎስ አንጀለስ በ156 ወንዶች ላይ የተደረገውና በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት መልስ ይሰጠናል። በአምስት ጊዜ ብቻ ከሚሰጠው ብርቱ ጨረር ጋር፥ በዕጢው ዙሪያ የሚተወው ትርፍ በሲቲ ለተመሩት 4 ሚሊሜትር፥ በኤም አር አይ ለተመሩት 2 ሚሊሜትር ነበረ። በሦስት ወር ውስጥ መካከለኛ ወይም ከዚያ የከፋ የሽንት ችግር ያገኛቸው ከመቶ 43.4 እና 24.4 ሆኑ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሕክምና የታዘዘለት ሰው በሰውነቱ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት መሣሪያ ቢኖር፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ቢወስድ፥ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ፊኛን ስለ መሙላትና አንጀትን ስለ ማጽዳት የሚሰጠውን ትእዛዝም እንደ ቀላል ነገር አይቍጠረው፤ ዕጢው በስፍራው እንዲጸና የሚረዳ ነውና። ልጆችም አባታቸው በሽንቱ ነገር አፍሮ ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ በአክብሮት ጠይቀው ወደ ሐኪም እንዲወስዱት እንመክራለን። ምልክት ሁሉ የሚጠቅመው በሽተኛው በጊዜ ሲቀርብ ነው።